ጆሮውን እዪ

የኔነሽ በጉን የገዛችው ለልጇ ለክፍሉ ነው። ክፍሉ ሁርሶ ካምፕ ለውትድርና ሥልጠና ገብቶ፣ «ለፋሲካ ፈቃድ ይሰጡናል» ብሎ ልኮባታል። ግቢዋ ጠባብ ስለሆነ በጉን ከጎረቤቷ ከሳሕራ መንጋ ጋር ቀላቀለችው። በማግሥቱ ልታየው ሄዳ፣ «የኔው ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ ነው» ብላ እርፍ። ከደጋ የመጣ ሰው ነገር! የሳሕራ በረት ሙሉ ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭ ነበር።

ሳሕራ በሳቅ ፈረሰች። «ወላሂ! አቦ፣ ራሱንማ አላህ ለሁሉም አንድ አድርጎ ቀባው። ራሱን ተዪ። ጆሮውን እዪ፣ ጥቁሩ አንገቱ ላይ የት እንደሚያልቅ እዪ፣ ላቱን እዪ።»

የኔነሽ መጀመሪያ የሚታያት በግ ብቻ ነበር። በጎቹ ሲገቡ በረቱ ደጃፍ እየቆመች፣ ስትሳሳት እየተሾፈባት፣ ቀስ በቀስ ያልነበረ የመሰላት ሁሉ ይታያት ጀመር፤ የአንዱ ጆሮ አጭር፣ የሌላው ላት ወደ ጎን የዞረ። አንድ ቀን የራሷን በግ ከሩቅ ስትጠቁም ሳሕራ እልል አለችላት።

ፋሲካ ሳይደርስ ክፉ ወሬ መጣ፤ ሠልጣኞቹ ወደ ግንባር ሊጫኑ ነው። ሁለቱ ሴቶች በጭነት መኪና ተሳፍረው ሁርሶ ደረሱ። ካምፑ በር ላይ የቆመው ወታደር ደግ ሰው ነበር።

«እናቴ፣ በዚህ ሁሉ የሞተር ጩኸት ስም ብጠራ ማን ይሰማኛል? በጣትዎ ያሳዩኝና ላምጣልዎ፤ ቶሎ ግን!»

«ጠይም ነው፣ ቀጠን ያለ…» አለች የኔነሽ። ከአጥሩ ወዲያ፣ ከጭነት መኪኖቹ አጠገብ የተሰለፈው ሁሉ ጠይም፣ ቀጭን፣ ራሱን የተላጨ፣ ልብሱ አንድ ዓይነት ነበር። «ልጄን ሳላየው ሊሄድብኝ ነው» አለች።

ሳሕራ ክንዷን ቆነጠጠቻት። «ራሱን ተዪ አላልኩሽም!»

የኔነሽ እንባዋን ጠርጋ ጆሮ ጆሮውን ማየት ጀመረች። ሦስተኛው ሰልፍ ላይ አንድ ጫፉ የታጠፈ ግራ ጆሮ አየች። ልጇ ጨቅላ ሳለ በሻሿ እያሰረች ላቃናው ብላ የደከመችበት ጆሮ ነው።

«ያውና!»

ወታደሩ ገብቶ ጠራው፤ ክፍሉ እየሮጠ መጣ። «እማዬ! እንዴት ለየሽኝ?»

«እናትህ ለፋሲካ የገዛችልህን በግ እኔ እጠብቅልሃለሁ» አለችው ሳሕራ። «ስትመለስ እናትህ ትለይልሃለች።»

የኔነሽ ያን ጆሮ ይዛ ነበር። «እንኳን ሳይቃናልኝ ቀረ፣ ልጄ» አለችው። መኪናው ላይ የወጡት ጓደኞቹ እያዩ ቢስቁበትም ክፍሉ እጇን አላስለቀቃትም።