ለእሜቴ የሚሆን ምግብ

ወሬው የመጣው ፀጉር ቤቴ ውስጥ፣ ከፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ነው። አንዷ ደንበኛዬ ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ፣ ጭንቅላቷን ካስክ ውስጥ ቀብራ ስልኳን ስትጎረጉር ቆየችና ድንገት ጮኸች። ካስክ ሥር የተቀመጠ ሰው የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ሁልጊዜ ይጮሃል። ስለዚህ መጀመሪያ ጆሮም አልሰጠኋትም።

«የድመት ምግብ ከገበያ ይሰብሰብ ተባለ! ሻጋታ ተገኘበት! ድመቶች እየሞቱ ነው!»

የቀለም ብሩሹ እጄ ላይ ቀረ። «የትኛው ምግብ?» አልኳት። አልሰማችኝም። ካስኩን ከራሷ ላይ አነሳሁና ስልኩን ተቀበልኳት። ፎቶው ላይ ያለው ከረጢት እኛ ቤት የገባው ነው፤ ቢጫ፣ ታዛጋ ይሁን ትሳቅ ያልለየላት ድመት የተሳለችበት። የገዛሁትም እኔ ነኝ። «ፀጉር ያሳምራል» የሚል ተጽፎበት አየሁና የሙያ ነገር ሆኖብኝ ከሌላው ሁሉ መርጬ አነሳሁት።

እሜቴ የእናቴ ድመት ናት። ስሙን ያወጣላት አባቴ ነበር፤ አረማመዷ ኪራይ ልትጠይቅ የመጣች አከራይ ይመስላል ብሎ። እሱ ካረፈ ወዲህ እማዬ ከሰው ጋር የምታወራው ለጉዳይ ብቻ ሆነ፤ መብራት ጠፋ፣ ውኃ መጣ፣ በሩን ዝጊው። ጨዋታዋን በሙሉ ለእሜቴ ሰጠቻት። ሕልሟን የምትነግረው ለእሷ ነው፣ ሟቹን አባቴን የምታማውም ከእሷ ጋር ነው። እኔ ማዶ ክፍል ሆኜ እሰማለሁ። አንዳንዴ ትስቃለች። እውነቱን ለመናገር እቀናለሁ። ቢሆንም ያ ሳቅ ከቤቱ ከጠፋ እናቴም ቀስ ብላ ተከትላው እንደምትሄድ ይሰማኛል። እሜቴ መኖር አለባት፤ ለእኔ ነገሩ ይኸው ነው።

ፀጉር ቤቴ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው። ሌላዋን ደንበኛ ቀለም ተቀብታ እንደተቀመጠች ትቻት መንገዱን በሩጫ ተሻገርኩ። እማዬ ማዕድ ቤት ድንች ትልጣለች። እሜቴ እግሯ ሥር ተጋድማለች።

«እማዬ፣ የድመቷ ምግብ የመጣበት ከረጢት የታለ?»

«የቱ ከረጢት?»

«ቢጫው! ጀርባው ላይ ቁጥር አለው፤ የተበላሸው በቁጥሩ ነው የሚለየው።»

«እሱማ ቆሻሻ ተሞልቶበት ተጣለ። ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ፣ ሰው ሞተ እንዴ?»

መጠየቄም ሞኝነት ነው። እማዬ አንድም ነገር በመጣበት ከረጢት እንዲያድር አትወድም። ስኳሩም፣ ሩዙም፣ የልብስ ሳሙናውም እግሩ ቤት እንደገባ ጣሳ ውስጥ ይገለበጣል። የእሜቴም ምግብ በትልቅ የብስኩት ጣሳ፣ ከድሮው ትራፊ ላይ አዲሱ ተደፍቶ ተቀምጧል። የቱ ከየትኛው እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

የሰማሁትን ነገርኳት። ጣሳውን ከፍታ አንድ እፍኝ አወጣችና አሸተተችው። «ምንም አይሸትም እኮ።»

«መርዝ ይሸታል ያለሽ ማነው? ድፊው!»

«ይህን ሁሉ?»

«ሁሉንም!»

«አትጩኺብኝ። እደፋዋለሁ አልኩሽ።»

ቆመሽ ብታስደፊያት ምን ነበረበት ትሉኝ ይሆናል። የዚያች ደንበኛ ቀለም ሰዓቱ እየሞላ ነበር፤ ትንሽ ብዘገይ ፀጉሯ እጄ ላይ ሊቀር ነው። እየተነጫነጭኩ ተመልሼ ሮጥኩ።

በማግስቱ ፀጉር ቤቱን ዘግቼ ለእሜቴ የሚሆን ምግብ ፍለጋ ወጣሁ። እግሬ እስኪቀጥን ዞርኩ። አንዱ ሱቅ መደርደሪያው ባዶ ነው። ሌላው ሱቅ ቀይና አረንጓዴ ከረጢት ደርድሯል፤ ደስ ብሎኝ ቀዩን ሳነሳ ሻጯ «እሱንም ተይው እህቴ» አለችኝ። «ስሙ ሌላ ነው እንጂ የሚወጣው ከዚያው ፋብሪካ ነው። ዛሬ ጠዋት ደውለው እሱንም አንሱት ብለውናል።»

«ታዲያ ምን ልግዛ?»

«እኔ ብሆን ምንም አልገዛም።»

ሻጭ አትግዢ ሲለኝ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው፤ ከወሬው ይልቅ ያ አስደነገጠኝ። ገበያው ጥግ ደግሞ አንድ ሰውዬ አፉ የተከፈተ ጆንያ አቁሞ የድመት ምግብ በስፍር ይሸጣል። ጆንያው ላይ ጽሑፍ የሚባል ነገር የለም።

«ከየት የመጣ ነው?» አልኩት።

«ከመጋዘን።»

«መጋዘኑስ ከየት አመጣው?»

«በመኪና መጣለት።»

«መኪናውስ?»

«እህቴ፣ ድመት ልትመግቢ ነው ወይስ ክስ ልትመሠርቺ?»

ደሜ ፈላ። «አንተ ትበላዋለህ?» ስለው ዓይኑን ሳያሽ አንዷን ፍሬ አንስቶ ቀረጠፋት። አካባቢው ሁሉ በሳቅ አውካካ። እኔም እየተናደድኩ ሳቅ አመለጠኝ። ግን አልገዛሁትም።

መጨረሻ ላይ የእንስሳት ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ኮሪደሩ ድመት በካርቶን፣ ድመት በዘንቢል፣ ድመት በልብስ ጠቅልለው በያዙ ሰዎች ሞልቷል። ማንም ማንንም አያናግርም። ሐኪሙ ዓይኑ ቀልቶ፣ ቁሞ ነው ያነጋገረኝ።

«ከፋብሪካ የወጣ ነገር ለጊዜው ይተዉት» አለኝ። «ዶሮ ይቀቅሉላት። ጨውም ሽንኩርትም እንዳይነካው። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ ድመት ሳትበላ መሰንበት አትችልም። ከቆየች ረኃቡ ራሱ ጉበቷን ይጥለዋል። እንደምንም ትብላ።»

ዶሮውን ገዛሁ፣ ቀቀልኩ፣ ከአጥንቱ ለይቼ በጣቴ አደቀቅኩት። እሜቴ መጡ። አሸተቱ። አንዴ ሳህኑን አንዴ እኔን አዩና ጅራታቸውን አቁመው ወጡ። በማግስቱ ጉበት ሞከርኩ፤ አልፈቀዱም። ዓሣ ሞከርኩ፤ ዓሣውንም በመዳፋቸው ገፋ አድርገው ተኙ። መጀመሪያ ላይ ሳቅንባቸው። ቆይቶ ግን ጎኗ መጉደል ጀመረ፤ ያኔ ሳቁም ቀረ።

እማዬ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ መሬት ላይ ተንበርክካ ሥጋውን በጣቷ ታቀርብላታለች። «እባክሽ እሜቴ። ለእኔ ስትዪ። ይህችን ብቻ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለችና «አባትሽም እንዲህ ነው የጀመረው» አለችኝ። አባቴ መጨረሻው ላይ ምግብ አልወርድለት ብሎ ነበር። አንጀቴን በላችው። ሐኪሙ ስለ ረኃብ ያለውን ቀደም ብዬ ነግሬያታለሁ፤ ካልበላች ትሞታለች ማለቱን።

አንድ ጠዋት በእማዬ ጩኸት ነቃሁ። «በላች! ልጄ፣ ነይ እዪ፣ በላች!»

ስደርስ ሳህኑ ተልሶ አልቋል። እሜቴ አፏን ትጠራርጋለች።

«ምን አድርገሽላት ነው?»

«መረቁን አበዛሁላት» አለች እማዬ ፊቷ በርቶ። «ከዛሬ ጀምሮ የእሷን ምግብ ለእኔ ተይው። ያንቺ እጅ ቀለም ቀለም ይሸታታል።»

ይሁንልሽ አልኳት። ቀለም ይሽተታትም አይሽተታትም፣ ድመቷ በልታለች። ለደንበኞቼ አፌን ሞልቼ አወራሁ፤ ዶሮ በመረቅ ስጧቸው እያልኩ መካሪም ሆንኩ። እነዚያ ቀናት ጥሩ ቀናት ነበሩ። እማዬ ራት ላይ ቁጭ ብላ አባቴ በሠርጋቸው ቀን የሰው ጫማ አድርጎ መሄዱን ነገረችኝ። ለእኔ ነው የነገረችኝ፤ እሜቴ ተኝታ ነበር። እንባችን እስኪፈስ ሳቅን።

ከዚያ እሜቴ አልጋ ሥር መዋል ጀመረች። አስመለሳት። ስጠራት አትመጣም። ጎትቼ አወጣኋትና ብርሃን ላይ ጆሮዋን ገለጥ ሳደርገው ውስጡ ቢጫ ሆኗል። ቀለም ሥራዬ ነው፤ እንዲህ ያለ ቢጫ ግን አይቼ አላውቅም። እማዬ በነጠላ ጫማዋ እንደሆነች አቅፋት ሐኪሙ ዘንድ ሄድን።

ሐኪሙ ግሉኮስ ሰካላትና «ጉበቷ ነው» አለ። እኔን ለብቻዬ ጠርቶ «የምትበላውን ያምጡልኝ፣ ልየው» አለኝ። እማዬን እዚያው ትቼ ወደ ቤት ተመለስኩ።

የእሜቴ ድስት ምድጃው ላይ ነው። ክዳኑን ሳነሳ ላዩ ዶሮ ነው። በማንኪያ ገለጥ ሳደርገው ከሥሩ ውኃ ጠጥቶ ያበጠ፣ ቡናማ ፍሬ። ሳላምን ቁምሳጥኑን ከፈትኩ። የብስኩት ጣሳው እቦታው ቁጭ ብሏል፤ አልተደፋም፤ ጎድሏል።

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ንዴቱ መጣ። ምኑ አስቸገረሽ፣ ድፊው ስልሽ፣ መርዝ ነው ስልሽ። የምላት ሁሉ አፌ ላይ ተደርድሮ ድስቱን ታቅፌ መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ሐኪሙን ኮሪደሩ ላይ አገኘሁት። «ይኸው» አልኩት። «ግን ፈልቷል። በደንብ ነው የፈላው።» ለምን ያን እንዳልኩ እንጃ፤ ልጮህባት እየሄድኩ ጠበቃ ሆንኩላት።

ራሱን ነቀነቀ። «ሻጋታውስ ይሞታል። የተወው መርዝ ግን በእሳት አይጠፋም።»

«ያኔ ወሬውን እንደሰማን ብታቆም ኖሮስ?»

«ያኔ ያቆሙት አብዛኞቹ ተርፈዋል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ክፍሉ ውስጥ እማዬ መርፌ የተሰካባትን የእሜቴን እግር በሁለት ጣቷ ይዛ ተቀምጣለች። እሜቴ አፏን ከፍታ ነው የምትተነፍሰው። እማዬ ድስቱን እጄ ላይ አየችው።

«አየሽው» አለች።

ድስቱን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት።

«ልደፋው ነበር እኮ። ራባት። ካልበላች ትሞታለች አልሽኝ። ውኃውን እየለወጥኩ ነው ያፈላሁት ልጄ፣ እስኪሟሟ ነው ያፈላሁት። ትንሽ ብቻ፣ ለሽታው፣ ዶሮውን እንድትበላልኝ ብዬ።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ ነኝ የገደልኳት?»

እኔ ቃል የምውጥ ሰው አይደለሁም፤ ደንበኞቼን መጠየቅ ይቻላል። ያ ሁሉ የደረደርኩት ነገር ግን አንዱም አልወጣ አለኝ። ወንበሩ ላይ ያየኋት አንዲት ትንሽ አሮጊት ናት።

«አይደለሽም» አልኳት። «ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። የፈላ ምንም አያደርግም አለኝ። የጎዳት የመጀመሪያው ነው፤ ወሬውን ሳንሰማ በደረቁ የበላችው።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

ፊቷ ሲፈታ አየሁት። ትከሻዋ ወረደ፣ በረጅሙ ተነፈሰች። እኔም አብሬያት ተነፈስኩ። ነገሩ በዚህ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። እማዬ ግን እሜቴን እያሻሸች አሰበችና አሰበችና ወደ እኔ ዞረች።

«አንቺ ያመጣሽው» አለች።

ይህን አላሰብኩትም።

«አዎ» አልኳት። «እኔ ያመጣሁት።»

እሜቴ ከሰዓት በኋላ ሞተች። ልያዝልሽ ብላት እማዬ አላስነካችኝም። በገዛ ሹራቧ ጠቅልላ፣ ታቅፋ፣ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ያን ጉልበቷን ይዛ እንዴት እንደፈጠነች!

ቤታችን አሁን ጸጥ ብሏል። ጣሳውንም ምግቡንም ድስቱንም አውጥቼ ጣልኩ። እማዬ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ደህና አደርሽ ትላለች፣ በሩን ዝጊው ትላለች። ብቻ ዳቦም ሆነ ቲማቲም ይዤ ስገባ ታገላብጠውና «ከየት ነው የገዛሽው?» ትለኛለች። እነግራታለሁ። ከዚያ ከድና ታስቀምጠዋለች። ቆይታ ግድግዳውን ተደግፋ ትነሳና እያነከሰች ወርዳ የራሷን ገዝታ ትመጣለች።

ባለፈው ሳምንት የምትወደውን የተጠበሰ ዓሣ ይዤላት ገባሁ። አጥንቱን ራሴ ለቅሜ አቀረብኩላት። ሳህኑን ትንሽ አየችውና ወደ እኔ ገፋችው። «ይቅርብኝ። አንቺ ብዪው።» እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ጥፋቱ ከእኔ ላይ ይነሳል፤ ተነስቶ ግን የሚያርፈው እሷ ላይ ነው፣ ያን ተሸክማም ክረምቱን አትወጣውም። እሷ ወደ መስኮቱ ዞራ ተቀመጠች። ዓሣው ገና ትኩስ ነበር፤ ብቻዬን በላሁት።