ፎሶሊያውን የሚቆርጠው ማን ነው?

የልብስ ሰፊዋ አማት መጥተው አብረዋት መኖር ከጀመሩ ወዲህ በመካከላቸው አንድ ክፉ ቃል ወጥቶ አያውቅም። እውነቱን ለመናገር ከልብ የሆነ ጨዋታም አልነበረም። "ይቅደሙ" "ኧረ አንቺ ቅደሚ" እየተባባሉ፣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው እየተጠነቀቁ ነበር የሚኖሩት። አማትየው እስከ ልብስ መስፊያዋ ክፍል በር ይመጡና "ሥራ አላስፈታሽ" ብለው ይመለሳሉ። ቀናቸውን የሚያሳልፉት ከቤቱ ጀርባ፣ መዳፍ በምታክል ጓሮ ውስጥ ነው። እዚያ የዘሩት ፎሶሊያ በዘረጉለት ገመድ ላይ እየተጠመጠመ አጥሩን ሊያልፍ ምንም አልቀረውም።

አንድ ቀን ጠዋት አማትየው የፎሶሊያ ቅጠል ይዘው መጡ። ምራታቸው ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ለደንበኛዋ ቀሚስ አዝራር ታለብስ ነበር። አዝራሮቹ የቀሚሱን ጨርቅ መልበስ ስላለባቸው፣ አረንጓዴውን ጨርቅ ክብ ክብ አድርጋ እየቆረጠች ትከምራለች።

"ልጄ፣ እስቲ ይህን እይልኝ።"

አየችው። ቅጠሉ ጠርዝ ጠርዙ ላይ በክብ ተቆርጧል። ተቀደደ እንዳይባል ቆረጣው ጥርት ያለ ነው።

"ትል ይሆናላ፣ እማማ።"

"ይሆናል" አሉ አማትየው። ዓይናቸው ግን ከቅጠሉ ወደ መቀሱ፣ ከመቀሱ ወደ ጨርቁ ክምር ሄደ። ከቅጠሉ የጎደለውና ጠረጴዛው ላይ ያለው ልኩ አንድ ነው። "መቼም… ለሥራሽ አስፈልጎሽ ከሆነ ምንም አይደል። ቅጠል ነው፣ ይበቅላል።" ይህን ብለው በትሕትና ወጡ።

ልብስ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። ለአዝራር ልክ የፎሶሊያ ቅጠል የሚቆርጥ ሰው የት አይተዋል? እኔን ምን አድርገው ነው የሚያዩኝ?

አመሻሽ ላይ ባሏ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ገና ከበሩ ሳያልፍ ሁለቱም በየተራ ነገሩን ነገሩት። እሱም በእናቱና በሚስቱ መሐል የተያዘ ወንድ የሚያዋጣውን መንገድ መረጠ፤ ጥፋቱን ቀንድ አውጣ ላይ ላከከው።

"ቀንድ አውጣ ነው በቃ! ሥሩ ላይ አመድ ነስንሱበት።"

አመዱ ተነሰነሰ። ቅጠሉ ግን መቆረጡን አልተወም። አማትየውም ከወትሮው ይበልጥ ትሑት ሆኑ። ምራታቸውን ያንገበገባት ይሄ ነው።

ስሟን ለማጥራት እሷው ራሷ ጓሮ ገብታ ተንበረከከች። ቀንድ አውጣ ቢሆን ኖሮ የሄደበት መንገድ እንደ ደረቀ ሙጫ ያብለጨልጭ ነበር፤ አመዱም እንደተነሰነሰ ነው፣ ማንም አልረገጠውም። ትል ቢሆን ኩሱ እንደ ጥቁር ፍርፋሪ ቅጠሉ ላይ ይቀራል። የቅጠሎቹን ጀርባ እየገለበጠች ብትፈትሽ ትልም ኩስም የለም። የጎረቤት ዶሮ እንዳይባል፣ ዶሮ ይቦጫጭቃል እንጂ በልክ አይቆርጥም። ደግሞ የተቆረጠው ቁራጭ የት ገባ? መሬት ላይ አንዲትም አልወደቀች።

አመሻሽ ላይ ቀይ ክር አመጣችና የተቆረጡትን ቅጠሎች በሙሉ አንገታቸው ላይ አሰረች። ሲነጋ ተመልሳ ብታይ፣ ክር ሳይታሰርበት የተቆረጠ አንድም ቅጠል አጣች። ሌባው ሌሊት አይሠራም ማለት ነው! ቀን ነው የሚመጣው፤ እሷ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ፣ አማቷ ጋደም ባሉበት ሰዓት።

ፀሐይዋ አናት ስትበሳ፣ አዝራሮቿን በሰፌድ ይዛ ፎሶሊያው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ብዙ አልቆየችም፣ አንዲት ንብ መጣች። ከማር ንብ አነስ ትላለች፤ ከሆዷ ሥር ቢጫ ናት። አበባውን ከቁብም ሳትቆጥር ቅጠሉ ጠርዝ ላይ አረፈች፤ በአፏ እየከረከመች በክብ ዞረች፤ ቁራጯን ከእግሮቿ መሐል ጠቅልላ እልም አለች።

ልብስ ሰፊዋ አዝራሮቹን በትና ወደ ቤት ሮጠች።

"እማማ! እማማ፣ ይነሱ! ሌባውን ያዝኩት!"

"የታለ? በር ዘጋሽበት?" አማትየው የግራና የቀኝ ጫማቸውን አቀያይረው ተጫምተው ወጡ።

ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለው ጠበቁ። ንቧ ተመልሳ መጣች፣ ቆረጠች፣ ተሸከመች። አማትየው በእጃቸው አፋቸውን ያዙ። ከዚያ "ተከተያት!" ብለው ተነሱና፣ ሲሮጡ የተሰጣ አንሶላ ውስጥ ተጠቀለሉ። ምራታቸው እየሳቀች ስታወጣቸው ንቧ ልብስ ማስጫው የታሰረበት የብረት ቱቦ ጫፍ ውስጥ ገባች። አጮልቀው ቢያዩ፣ ቅጠሉ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ውስጡን ሞልቶታል።

"ለልጆቿ ቤት እየሠራች ነዋ!" አሉ አማትየው። ወዲያው ፊታቸው ተለወጠ። "እኔ ደግሞ አንቺን… ምነው አፈር በበላሁ!"

"ኧረ ይተዉ እማማ፤ መቀሴን ጠረጠሩ እንጂ እኔን አልጠረጠሩም።"

"አይ፣ አንቺን ነው የጠረጠርኩት! ምን ይደረግ፣ ውሸት አልናገር።"

ሁለቱም ሳቅ ያዛቸው፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አማትየው ቱቦውን በጭቃ ልድፈነው ብለው ነበር። ምራታቸው ግን ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ አሳየቻቸው። ፎሶሊያው ከሥር እሸቱን አንጠልጥሏል፤ የጎደለው የቅጠል ጠርዝ ብቻ ነው። "ከዚህ ሁሉ ቅጠል ይቺን ብታነሳ ምን አለበት?" ተባለና ጭቃው ቀረ።

ሾፌሩ ለምሳ ሲመጣ እናቱንና ሚስቱን ቱቦ ሥር ተቃቅፈው አገኛቸው።

"ምሳስ?"

"እሽሽ! ዝቅ በል!" አሉት በአንድ አፍ።

ዝቅ አለ፤ አየ። "እና ቀንድ አውጣ አልነበረማ" አለ ቅር እያለው።

ከሰዓት አማትየው በርጩማቸውን ይዘው፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ መስፊያው ክፍል ገቡ። "ትርፍ መቀስ የለሽም?" ብለው ጨርቅ ሲቆርጡ አመሹ። የቆረጡት ግማሹ እንቁላል የሚመስል ስለሆነ ምራታቸው እንደገና ቆረጠችው፤ ጨዋታቸው ግን ለአዝራሩ መበላሸት ካሳ ነበር።

ፎሶሊያው ደረሰና አብረው ለቀሙት፣ አብረው ሠሩት። ሾፌሩ ከሥራ ሲገባ ከማድ ቤት ጩኸት ሰማ።

"ጨው አበዛሽበት!"

"እርስዎ ነዎት ሁለተኛ የጨመሩት!"

"እኔ? በዓይንሽ አይተሻል?"

ደንግጦ ሊገላግል ሮጠ። ሁለቱም ማንኪያ ይዘው ከአንድ ድስት እየቀመሱ ነበር። እናቱ ዞር ብለው፣ "አንተ ደግሞ ምን ያስሮጥሃል? ና ቅመስና ፍረድ" አሉት። ቀመሰ። ጨው በዝቶበታል። "ጨዉ ልክ ነው" አለና ሳህኑን አቀረበ።