አፈ ሰፊ

ጥብቆ ስልኩን አፕዴት ካደረገ ወዲህ የጥሪ ማንሻው የት እንደገባ ጠፍቶበታል። ይሄ አንሶ፣ ስልኩ የደዋዩን ስም ጮክ ብሎ መጥራት ጀመረ። ጥብቆ ይሄን ጉድ ያወቀው አለቃው፣ ልብስ ሰፊው ጋሼ፣ ስልኩ ይሠራ እንደሆን ሊያዩ የሱቁ በር ላይ ቆመው ሲደውሉለት ነው። ወሬያቸው ስለማያልቅ «አፈ ሰፊ» ብሎ ነበር የመዘገባቸው። የፊተኛውን ሠራተኛ ያባረሩት ደግሞ ሲስቅባቸው ይዘውት ነው።

ስልኩ የስፌት መኪናው ላይ ሆኖ «አፈ ሰፊ! አፈ ሰፊ!» ይላል። ጥብቆ ቢነካው፣ ቢደባብሰው አልዘጋ አለ። 

ደግነቱ ስልኩ «ፊ»ን ማጥበቅ አያውቅም፤ ልክ ልብስ ሰፊ እንደሚባለው አላልቶ ነው የጠራት።

«ደግሞ አፍ የሚሰፋ ማነው?» አሉ ጋሼ።

«እርስዎ ነዎት እንጂ ጋሼ! የእርስዎን ስፌት ያየ ደንበኛ አፉ ተሰፍቶ አይደል የሚሄደው? ምን ብሎ ይነጫነጫል?»

ጋሼ ትንሽ አፈጠጡበት፣ ከዚያ ደረታቸውን ነፉ።

«አንተ ቀጣፊ! በል ድምፁን ጨምርለት፣ ጎረቤትም ይስማ።»

ጥብቆ እፎይ ብሎ መጨመሪያውን ተጫነ። እሱ እንኳን ቦታውን አልቀየረም።