በግራ በኩል ያለችው ወፍ

ቾልጉ የገመዱን ጫፍ በአውራ ጣቱ ፈተገና ቀና ሳይል፣ «ባለ ቀይ ክሩ ይሄ ነው አይደል?» አለ።



«እሱ አረንጓዴው ነው አባቴ» አለች ሻጯ። «ቀዩ ከጎኑ ያለው ጥቅል ነው።»

«አረንጓዴ መሆኑንማ አይቻለሁ። ቀዩ አለሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

«አለ አባቴ። ይኸውልዎት።»

ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ሰው የታመመ ሊጠይቅ ሄዶ እንደሚያወራው። ቾልጉ ጆሮው ሥር ሲግለው ተሰማው። ሚስቱ ሚራን ሰምታ እንደሆነ ለማወቅ አንገቱን ወደ ጎን አዘነበለ። ፊት ለፊት ካየ የሚያገኘው ግራጫ ጭጋግ ብቻ ነው። ነገር የሚታየው በዓይኑ ጥግ ነው። በዓይኑ ጥግ የሚራንን ብርቱካንማ ጃኬት አገኘው፤ ከሚቀጥለው መደብር ደጃፍ፣ የሕይወት አድን ጃኬቶች ከተሰቀሉበት ሥር ቆማለች። ሩቅ ናት። አልሰማችም።

ጠዋት የምድር ባቡር ውስጥ ከራሱ ጋር ተወራርዶ ነበር። ወደ ጀልባ ዕቃ ኤግዚቢሽኑ ሄዶ፣ ለጀልባዋ የሚያስፈልጉትን አራት ገመዶች ሚራን ሳትጠረጥር መርጦ ከገዛ፣ የሰኔ ዝናብ ሳይገባ ከቡሳን ተነስተው ወደ ጄጁ ደሴት ይጓዛሉ። ካልቻለስ? እዚያ ላይ ሐሳቡን አቋርጦ የድምፅ ማጉያው የሚጠራውን የጣቢያ ስም ማዳመጥ ጀምሮ ነበር።

የገመድ ነገር ቀልድ አይደለም። ባሕር ላይ ነፋስ በድንገት ሲነሳ፣ ትልቁን ሸራ የሚያወርደው የቱ፣ ትንሹን የሚለቀው የቱ እንደሆነ ቆሞ ማሰብ የለም። ለዚህ ነው ባለ ጀልባ ሁሉ ገመዱን በቀለም የሚለየው፤ ነጩ ገመድ ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ወይም ጥቁር ክር ይጠለፍበታል። ቾልጉ ግን ከመከር ወዲህ ሌላ ዘዴ ፈጥሯል። የአሮጌዎቹን ገመዶች ጫፍ በሰም ክር እየጠመጠመ፣ አንዱ ላይ አንድ ቀለበት፣ ሌላው ላይ ሁለት፣ ሌላው ላይ ሦስት አድርጎባቸዋል። ሚራን ስትጠይቀው፣ «እንዳይተረተር ነው» አላት። እሷም፣ «ቀለበት ያሰርክላቸው ሙሽሮች አስመሰልካቸው» ብላ ሳቀች።

ጡረታ እስኪወጣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ሐኪሙ፣ «የዓይንዎ መሃል እየሞተ ነው፤ ጥጉ ይቆይልዎታል» ሲለው መጀመሪያ ትዝ ያለው አውቶቡሱም መንገዱም አልነበረም፤ ጀልባዋ ናት። ከአንድ የከሰረ ሰው እጅ የገዛት፣ እሱና ሚራን ሆዷን ፍቀው፣ እንጨቷን ቀይረው፣ ምሶሶዋን መልሰው ያቆሙላት አሮጌ ባለ ሸራ ጀልባ። ሚራን ገበያ ውስጥ የዓሣ ቂጣ የምትጠብስበትን ቦታ ለሌላ ሰው ለቃለች። የሚኖሩበትን የኪራይ ቤትም በወሩ መጨረሻ ሊያስረክቡ ተስማምተዋል። ልጃቸው ሱንጊል ለአዲስ ዓመት መጥቶ እንደ ባህላቸው ሲሰግድላቸው፣ «እናቴን አደራ አባባ፤ ዋና እንኳ በቅጡ አታውቅም» ብሎት ነበር። እሱም በሙሉ አፉ፣ «እኔ እያለሁ?» አለው።

ያኔ ዓይኑ ላይ መርፌ መወጋት ጀምሯል። ወደ ሆስፒታል የሚሄደው ሁልጊዜ ፎጣ ይዞ፣ «የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ደርሼ ልምጣ» እያለ ነው።

«የሱንጊል አባት!» ሚራን መጣች። እጇ ውስጥ አንድ ነገር ጨብጣለች። «ኧረ ይሄን እይ፤ ሰማያዊ ክር ያለበት፣ ውፍረቱ አሥር ይላል። ከሱ ቀጥሎ ያለው ጥቁር ነው፤ እሱ ወፍራም ነው፣ አሥራ ሁለት ይላል። ቀዩ ጥግ ላይ ነው፣ በቀኝህ።»

«ምን ታነቢልኛለሽ? እኔ ዓይን የለኝም?»

«ለራሴ ነው የማነበው። ሳላነብ መቼ ልማር ነው?»

«እንዲህ እየጮኽሽ?»

«ገበያ ውስጥ ያደገች ሴት አግብተህ ሹክሹክታ አማረህ?»

ሻጯ ሳቀች። ቾልጉ አልሳቀም። ከመከር ወዲህ የሚራን አፍ አያርፍም። የአውቶቡስ ቁጥር ታነባለች፣ የምግብ ቤት ዋጋ ታነባለች፣ ደረጃ ሲወርዱ «ወይ ጉድ፣ ይሄ ደረጃ መጨረሻው ተሰብሯል» ትላለች። እርጅና ነው እያለ በሆዱ ያማት ነበር።

ገመዱን ሊያነሳ ሲል አንድ ሰው ፊቱ ድቅን አለ። ትከሻ አለው፣ ኮፍያ አለው፤ ፊት የለውም።

ሰውየው ጠበቀ። ቾልጉም ጠበቀ።

«እንዴ ጋሼ» አለ ሰውየው በመጨረሻ፤ «ጄጁ ሳትደርስ ከአሁኑ ኮራህብን?»

ድምፁን ሲሰማ አወቀው። ሳንጉ ነው፤ ጀልባው በዚያው ወደብ ከእነሱ ጀልባ ጎን የሚታሰር ጎረቤታቸው።

«አንተን አይቶ ሰላም የሚል ማን አለ? ሂሳብ ያስከፍለኛል ብዬ ነው» አለ ቾልጉ፣ ፈጠን ብሎ።

«እሺ ይሁን። እኔንማ ያን ቀን ከሞት የተረፍክ ዕለት ነው መጋበዝ የነበረብህ።» ወደ ሚራን ዞረ። «አልነገረሽም እንዴ እትዬ? አይ፣ ለካ አንቺም ነበርሽ። በመከር፣ ያ ነፋስ የነበረ ቀን፣ ወደብ ስትገቡ እኔ የማዕበል መከላከያው ግንብ ላይ ቁጭ ብዬ ዓሣ አጠምዳለሁ። ቀዩን የመብራት ማማ ልትስሙት ምን ቀራችሁ? ዘንጌን ጥዬ ልሮጥ ተነስቼ ነበር። ወደብ ሲገባ ቀዩ በቀኝ ነጩ በግራ መሆኑን እኮ የዓሣ አጥማጅ ድመት ታውቀዋለች።»

«የሩዝ ጠላ ቀምሼ ነበር» አለ ቾልጉ።

«ጠብታ አልቀመሰም» አለች ሚራን። «ጥፋቱ የኔ ነው። ወፍ እያት ብዬ እኔ ነኝ ያዘናጋሁት።»

«ወፍ? በዚያ ነፋስ?» ሳንጉ ሳቀ። «እትዬ፣ ያን ቀን እንኳን ወፍ ኮፍያዬም አልበረረም፤ በገመድ ነው ያሰርኩት። ቀኑን ሙሉ አንዲት ወፍ አላየሁም። ለማንኛውም ስትሄዱ ንገሩኝ፤ እንደ ባሕረኛ ወግ የአሳማ ጭንቅላት ሠርተን፣ ጠላችንን ለባሕሩ አፍስሰን ነው የምንሸኛችሁ። ዝም ብሎ ውልቅ የለም።»

የቾልጉን ክንድ መታ መታ አድርጎ ወደ ሕዝቡ መሃል ገባ።

ቾልጉ እዚያው ቆመ። ያ ቀን መጣበት። ሐኪሙ ዘንድ መሄድ ከጀመረ ገና ወር አልሞላውም ነበር፤ ዓይኑን ከራሱም እየደበቀ መሪውን ይዟል። ሚራን ከፊት ተቀምጣለች። ማማው የቱ ጋ እንዳለ በግምት ነበር የሚሄደው፤ መንገዱን በቃሉ ያውቀዋል፤ ያውቀዋል ብሎ ያምን ነበር። ከዚያ ሚራን ድንገት፣ «የሱንጊል አባት! ያቺን ወፍ እያት፣ በግራ በኩል! ወደሷ አዙረው፣ ሳትበር!» ብላ ጮኸች። እንዳይታወቅበት ሲል ብቻ አዞረ። የማዕበሉ ድምፅ በቀኙ በኩል ግንቡን ሲመታ ሰማ፣ ቅርብ ነበር። ደንግጦ ሳለ፣ «አየኋት፤ ታምራለች» አላት።

ሻጯ ሌላ ሰው ልታስተናግድ ወዲያ ሄደች። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ ሎተሪ ይጠራል።

«ወፏ ምን ዓይነት ነበረች?» አለ ቾልጉ።

«የቷ?»

«በግራ በኩል የነበረችው።»

«አንተ አይደለህ ታምራለች ያልከው?»

«አላየኋትም።»

ሚራን ዝም አለች። ከመከር ወዲህ እንዲህ ዝም ስትል የመጀመሪያዋ ነው።

«እኔም አላየኋትም» አለች።

ቾልጉ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ከመታጠቢያ ቤት ፀጉርህ ደርቆ መምጣት ከጀመረ። የሚታጠብ ሰው ፎጣው ይረጥባል። መጀመሪያ ሴት የያዝክ መስሎኝ ተከትዬህ ሄድኩ። የዓይን ክፍል ደጃፍ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠህ አየሁህ። ሴት ብትሆን ይሻለኝ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተስ?»

ቾልጉ የገመዱን ጫፍ መልሶ ያዘው።

«ግዛው» አለች ሚራን፣ ድምፅዋን ሰብሰብ አድርጋ። «ቀዩንም፣ ሰማያዊውንም ግዛ። እኔ አያለሁ፣ አንተ ትስባለህ። ቀኝ እልሃለሁ፣ ግራ እልሃለሁ። እስካሁን መች አሳሳትኩህ?»

«ስትተኚስ?»

«አልተኛም።»

«ሦስት ሌሊት?»

«የዓሣ ቂጣ ስጠብስ ስንት ሌሊት ተኝቼ ነው?»

«ብትወድቂስ?» አለ ቾልጉ። «ውሃው ውስጥ ብትወድቂ የት እንዳለሽ ማን ያያል?»

ሚራን የጨበጠችውን እጅ ወደሱ ዘረጋች። መዳፉን ገልብጣ አንዲት ትንሽ ነገር አስቀመጠችለት። ቀላል ናት፤ ፕላስቲክ፣ አንገት ላይ የምትንጠለጠልበት ክር ያላት። በጣቱ ዳሰሳት። ፊሽካ ናት።

«አሁን እዚያ ጋ ገዛኋት» አለች። «እነፋልሃለሁ። ሰምተህ ትመጣለህ።»

ቾልጉ ፊሽካዋን ይዞ ቆመ። ሁሉንም አስባበታለች። በብርቱካንማ ጃኬቷ ከተሰቀሉት ጃኬቶች ሥር ቆማ፣ እሱ ቀይና አረንጓዴ ለይቶ ሊያታልላት ሲታገል፣ እሷ የምትወድቅበትን ቀን እያሰበች ፊሽካ ትመርጥ ነበር። እምቢ አትለውም። እሱ «እንሂድ» ካለ ትሄዳለች፤ ሸራው ሥር ቁጭ ብላ የሌለ ወፍ ትጠራለታለች። አንድ ሌሊት ደግሞ ፊሽካው ከጭጋጉ ውስጥ ይነፋል። ነፋስ ውስጥ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ይህን ባሕር ላይ የወጣ ሁሉ ያውቃል። እሱ መሪውን ይዞ፣ ከሁሉም አቅጣጫ እየሰማት፣ ሲዞር፣ ሲዞር፣ እሷ ትንፋሿ እያጠረ ስትነፋ፣ ከዚያ ስታቆም...

ፊሽካዋን ኪሱ ከተታት።

«ስጠኝ፣ ትጠፋብሃለች» አለች ሚራን።

አልሰጣትም።

ሻጯ ተመለሰች። «እሺ አባቴ፤ ቀዩን ልቁረጥልዎት? የምሶሶዎ ቁመት ስንት ነው?»

ቾልጉ ጠረጴዛውን በእጁ እየዳሰሰ ሄደ። ይህን ጊዜ አንገቱን አላዘነበለም፣ የሚያይ ለመምሰልም አልሞከረም። ደረቅና ጠንካራ የሆኑትን የሸራ ገመዶች አንድ በአንድ አለፋቸው። መጨረሻ ላይ አንድ ወፍራም፣ ለስላሳ ጥቅል አገኘ። ጫፉን በሁለት እጁ ይዞ ሳበው። ተለጠጠ፤ ሲለቀው ተሰበሰበ።

«ይሄን» አለ።

«እሱ ለሸራ አይሆንም አባቴ» አለች ሻጯ፣ ቀስ ብላ። «ነፋስ ሲመታው ይረዝማል። እሱ ለማሰሪያ ነው፤ ጀልባዋን ከወደብ ጋር...»

«አውቃለሁ ልጄ። አራት ቦታ ቁረጪልኝ። ሁለት ለፊት፣ ሁለት ለኋላ። ማዕበል ሲመጣ የሚችል ይሁን። ቤት የለንም፤ እዚያው ታስራ እንኖርባታለን።»

«የሱንጊል አባት» አለች ሚራን።

ሻጯ ገመዱን ከጥቅሉ መፍታት ጀመረች። የምትቆርጥበትን ቢላ ኤሌክትሪኩ ላይ ሰካችው፤ እስኪግል ጠበቀች። ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ።

«ቀለሙስ?» አለች ሻጯ። «ነጭ አለ፣ ጥቁር አለ፣ ሰማያዊም አለ። እንዲለዩልዎት የተለያየ ላድርገው?»

«ሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን» አለ ቾልጉ። የገንዘብ ቦርሳውን አውጥቶ፣ ሳይከፍተው፣ ለሚራን ሰጣት።