ምኑ ነው የረጋው?

ጠዋት አባባ ደረጃ ላይ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ታናሽ እህቴ ሚጢጢ ሆስፒታል አድርሳው ነው የደወለችልኝ። እኔ ፀጉር ቤት፣ ሥራ ላይ ነኝ። የደንበኛዬን ፀጉር ማለስለሻ ቀብቼ ጨርሻለሁ። ጥያት ብሄድ ቆዳዋ ይላጣል።

«አልተኛም ብሎ ይጮሃል» አለች ሚጢጢ። «ነርሷን አስለቀሳት።»

«ቻሉት። አጥቤያት መጣሁ።»

ትንሽ ቆይቶ መልእክት ገባ። አንድ ቃል ነው። «ረግቷል።»

እፎይ አልኩ። «አባቴ ረጋ» አልኳት እንደወደቀ የነገርኳትን ደንበኛዬን።

«እሰይ። እሱ ነው ወይስ ደሙ?»

«የምን ደም?»

«ረጋ አልሽ እኮ። ሰውም ይረጋል፣ ወተትም ይረጋል፣ ደምም ይረጋል።» በመስታወቱ ፊቴን አየችው። «ዝም ብዬ ነው የምቀባጥረው፣ አትስሚኝ።»

ደወልኩ። አይነሳም። ደገምኩ። አይነሳም። «ምኑ ነው የረጋው?» ብዬ ጻፍኩ።

«ተረጋጊ የኔ እናት።»

«እትዬ፣ ያቺን ቃል ዛሬ አይበሉብኝ።»

«እሺ። ግን ጭንቅላቴ መንደድ ጀምሯል።»

አጠብኳት። ጀርባዋ ድረስ አራስኳት መሰለኝ። ስልኩ ሲጠራ በአረፋ እጄ አነሳሁት።

«ምኑ ነው?»

«እሱ ነበር የመሰለኝ» አለች ሚጢጢ። «ዝም ሲልልኝ ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩልሽ። ለካ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቶ ነው። ኦፕራሲዮን ሊያስገቡት ነው። እስከዚያ እንዳይተኛ አናግሪው አለኝ ዶክተሩ፣ እኔ ሳናግረው ደግሞ አይመልስም።»

«ጆሮው ላይ አድርጊው።»

ትንፋሹ ይሰማኛል። ከባድ ነው።

«አባባ።»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አደረግኩት።

«አባባ፣ እኔ ነኝ።»

ዝም። ዕድሜውን ሙሉ እንደዚህ ጨዋ ሆኖ አያውቅም። የመታጠቢያውን ጠርዝ ያዝኩ።

«አባባ፣ ማንም እንዳይነካት የምትላትን ራዲዮህን ለሰው ሰጠኋት።»

ደንበኛዬ ከነፎጣዋ ዞራ አፈጠጠችብኝ።

«ይሰማሃል? ያቺን ራዲዮ። ከነባትሪዋ።»

ትንፋሹ ቆም አለ። የሆነ ነገር አጉረመረመ።

«ምን አልክ?»

«ለ... ማን?»

ቦርሳዬን አነሳሁ። ደንበኛዬ በሩን ከፈተችልኝ።

«ገምት» አልኩት።