ጭራ ያላት ቀለበት

ጭብጨባው የተሰማት ገና ደረጃው ላይ ሳለች ነው። የማን የልደት ቀን ይሆን ብላ ፈገግ አለች። ላብራቶሪው ውስጥ ስለማትቸኩል «ቀስ በቀስ» ይሏታል፤ ስሙን ያወጣላትም ከሁሉ የሚቀርባት፣ ምሳዋን ሳይጠራ የሚሻማት፣ እሷም «አንተ ጉድ» የምትለው ባልደረባዋ ነው።

የሁለቱም ሥራ አንድ ነበር። ፕላቲነምን ከካርቦን ጋር ያጣመረ ውህድ መሥራት፣ ክሪስታሉን ማብቀል፣ ከዚያ በኤክስሬይ አወቃቀሩን ማሳየት። ቀድሞ ያሳየ ላብራቶሪው ውስጥ ይቀራል፤ የቀረው ጓዙን ይሸክፋል። እሷ አየር እንዳይነካው በናይትሮጅን ሸፍና ሠራችው። ቶሉዊን በሚባል ሽታው ኃይለኛ ፈሳሽ ውስጥ አሟሙታ፣ በላዩ ሌላ ፈሳሽ ጠብ ጠብ አድርጋ ደርባ፣ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ክሪስታል እንደተኛ ሕፃን ነው፤ ቁምሳጥኑ ቢንገጫገጭ እንኳ ይበላሻል። እሱ የሚያሟሟው በአልኮል ነው። ቶሉዊን ራሴን ያዞረኛል እያለ፣ በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር አፍንጫውን ይዞ ያስቃታል። የእሱ ግን ሁሌም ዱቄት ሆኖ ይቀር ነበር።

እናቷ ሆስፒታል ስትተኛ የቁምሳጥኑን ቁልፍ የሰጠችው ለእሱ ነው። አይዞሽ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቅልሽ ብሏታል። ዛሬ ገና መመለሷ ነው።

በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ግድግዳው ላይ የውህዱ ምስል በርቷል፤ መሃል ፕላቲነም፣ ዙሪያውን እንደ መስቀለኛ መንገድ የተዘረጉ አራት ክንዶች። ከፊት የቆመው እሱ ነው። ተሳካለት ማለት ነው። ለራሷ ከማዘኗ በፊት ለእሱ ደስ አላት፤ የእውነት።

ከዚያ ዓይኗ ምስሉ ጥግ ላይ ዐረፈ። በውህዱና አጠገቡ ባለው ሞለኪውል መካከል ስድስት ማዕዘን ያላት፣ አንዲት ጭራ ያወጣች ቀለበት ተወሽቃለች። ክሪስታል ሲበቅል ከተኛበት ፈሳሽ ጥቂት ጉያው ውስጥ ሸጉጦ ይቀራል። ቀለበቷ ቶሉዊን ናት።

የበሩን መቃን ያዘች።

የላብራቶሪው ኃላፊ፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው፣ በምን እንዳሟሟው ጠየቁት። በአልኮል አለ፣ ሳያመነታ።

«ታዲያ ቶሉዊኗ ከየት መጣች፣ አንተ ጉድ?» አለች ከበሩ። ድምጿ ከፍ እንኳ አላለም።

ጋሼ መነጽራቸውን አጥልቀው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ቀለበቷን ካዩ በኋላ ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ።

«እስኪ መልስላት።»

አንድ ሁለት ሰው ቀልድ መስሎት ሊስቅ ቃጣውና ተወው። እሷ ጠበቀች። የእኔና ያንቺ ተቀላቅሎብኝ ነው ቢላት፣ ውሸትም ቢሆን፣ ልታምነው ትችል ነበር።

እሱ እጁን ኪሱ ከተተ። የቁምሳጥኑን ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በአጠገቧ አልፎ ወጣ። አፍንጫውን አልያዘም።