ያልመጣ ተስማምቷል

እኔ ነገር የምፈልግ ሰው አይደለሁም። ነገር ራሱ ከፈለገኝ ግን አልደበቅም። ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። ከእናቴ ጋር የምንኖረው ከሕንፃው መግቢያ አጠገብ ያለው ቤት ውስጥ ነው፤ ከበሩ እስከ ግቢው ደረጃ አለው። እናቴን ስትሮክ ከመታት ወዲህ የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። ዕድሜዋን ሙሉ አዋላጅ ሆና የሰው በር ስታንኳኳ የኖረች ሴት መስኮት ላይ ቀረች። ግንበኛው ወንድሜ አንጀቱ አልችል ብሎት ከደረጃው ጎን የሲሚንቶ መወጣጫ ሠራላት። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ራሷ ጎማውን እየገፋች ትወርዳለች፤ ፀሐይ ትሞቃለች፤ አላፊ አግዳሚውን አንዱን ትመርቃለች፣ አንዱን ትሰድባለች። በቃ ሰው ሆነች።

ይህን ነው እንግዲህ ደንቡ ላፍርስ ያለው።

ደንቡ ያልነው የነዋሪዎች ማኅበራችንን ሊቀመንበር ነው። "ደንቡ እንደሚለው" ሳይል ውሃ እንኳ አይጠጣም። የሚኖረው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ ስብሰባ የሚጠራውም ከራሱ ቤት በላይ፣ ጣሪያው ላይ። ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል። ያን ሁሉ ደረጃ ማን ይወጣል? ጉልበቱን የሚያመው፣ ልጅ ያዘለችው፣ ከሥራ ደክሞ የገባው ሁሉ ይቀራል። እሱም ይህን ያውቃልና አንድ ደንብ አወጣ፤ ያልመጣ እንደተስማማ ይቆጠራል። እንዲህ እያለ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ሕንፃውን በሙሉ ድምፅ ያስተዳድራል። እኛም "ዝም አይነቅዝም" እያልን ዝም አልን። እንዴት አይነቅዝም፣ ይኸው ነቀዘ እንጂ።

መወጣጫው ይፈርሳል የሚል ወሬ ስሰማ ስፌቴን ጥዬ ወጣሁ። ጣሪያው ላይ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ደንቡ ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ ተደላድሏል።

"ጋሼ፣ እናቴ በየት በኩል ልትወጣ ነው?" አልኩት።

"መወጣጫው የመኪና ማቆሚያ ይዟል" አለኝ። ማቆሚያው ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም፤ እዚያ ጋ መኪናውን ለማቆም ሲታገል ሁላችንም የምናየው እሱን ራሱን ነው። "ደግሞም በሙሉ ድምፅ ተወስኗል።"

"እኔ እቃወማለሁ።"

"የቤቱ ባለቤት እናትሽ ናቸው። ድምፅ ያላቸው እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አልመጡም።" ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የሚያወራው። "ስለዚህ ተስማምተዋል።"

እናቴ የገዛ መውጫዋ ይፍረስ ብላ ተስማማች ማለት ነው፤ ለምን ቢሉ፣ ደረጃ መውጣት ስላልቻለች። ደሜ ፈላ። ደረጃውን ስወርድ አለቅስ ነበር፤ ከንዴት እንጂ ከሀዘን እንዳይመስላችሁ።

እማዬ ሳታቋርጥ ሰማችኝ። ስጨርስ "መቼ ነው የሚያፈርሱት?" አለችኝ።

"ቅዳሜ ጠዋት።"

"ደግ። ቅዳሜ ሰው ሁሉ ቤቱ ነው።"

ቅዳሜ የቀን ሠራተኛው ትልቅ መዶሻውን ተሸክሞ ሲመጣ እናቴ መወጣጫው መሀል ፍሬን ይዛ ተቀምጣለች።

"እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ።"

"አልችልም ልጄ። ስብሰባ ላይ ነኝ።"

ሰውየው መዶሻውን አስቀምጦ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። እኔ የየቤቱን በር አንኳኳሁ። ጎረቤቶቼን "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" እያልኩ ስንቴ አምቻቸዋለሁ። ግን ወረዱ። ነርሷ ፎጣ ጭንቅላቷ ላይ እንደጠመጠመች፣ ሹፌሩ በነጠላ ጫማ፣ አሮጊቱም ሽማግሌውም የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ወረዱ። ለካ መውረድ ሲሆን ሁሉም ይችላል። ከልጆቻቸውም ስንቱን በእጇ የተቀበለችው እናቴ ናት።

ጫጫታውን ሰምቶ ደንቡ ከጣሪያው ጫፍ አንገቱን ብቅ አደረገ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ስብሰባ ነው፣ ጋሼ" አልኩት አንጋጥጬ።

"እኔ ሳልኖር ምን ስብሰባ አለ? ስብሰባው እዚህ ላይ ነው፣ ውጡ!"

"እርስዎ ይውረዱ እንጂ። ካልመጡ ደግሞ ደንቡን ያውቁታል።"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንገቱ ጠፋ፤ ወዲያው የጫማው ኳኳታ ከደረጃው ላይ ይሰማን ጀመር።

"ሳይደርስ እንወስን" አልኩ። ደስታዬን መቻል አቅቶኛል። "አልመጣም፤ ስለዚህ ተስማምቷል። ከሊቀመንበርነቱ በመነሳቱም ተስማምቷል።" ነርሷ እጇን አወጣች፤ ሹፌሩማ ሁለቱንም እጁን።

"እጃችሁን አውርዱ" አለች እናቴ።

ሁላችንም ዞረን አየናት።

"እኔ ሳልጠየቅ ተስማምታለች እየተባልኩ ኖሬያለሁ። ያንን እኔ ባለሁበት በማንም ላይ አታደርጉትም። እንጠብቀዋለን።"

ተናድጄባታለሁ፣ አልዋሽም። እጃችን ገብቶ ነበር እኮ። ሆኖም ጠበቅነው። ደንቡ ግድግዳ እየተደገፈ ብቅ አለ፤ ላብ አጥምቆታል፣ አፉ ይከፈታል እንጂ ቃል አይወጣውም።

"ምነው፣ ሊፍቱ አይሠራም እንዴ?" አለችው እናቴ።

ማንም ሳቁን አልያዘም። እሷ ግን አልሳቀችም።

"አሁን መጥተሃል" አለችው። "መወጣጫው ይፍረስ የምትል ከሆነ እጅህን አውጣ። አይዞህ፣ ድምፅህ ይቆጠራል።"

ወደ ጓደኞቹ ዞረ። አንዱ ጫማውን ያያል፤ አንዱ መኪና ማቆሚያውን ያያል፤ ሦስተኛው ቤቱ ገብቷል። ደንቡ ብቻውን እጁን አወጣ። መቼም እልኸኛ ነው፣ ይህን አልነፍገውም።

"አንድ" አለች እናቴ። "ይቁም የምትሉስ?"

መቁጠር አላስፈለገም። የቀን ሠራተኛው እንኳ እጁን አወጣ፤ "አንተ እዚህ መች ትኖራለህ?" ሲሉት "መዶሻው የኔ አይደል?" አለ።

ያልመጣ ተስማምቷል የሚለው ደንብም በዚያው ቀረ። ሊፍቱ እስኪሠራ ስብሰባው ሁሉ እዚሁ ግቢው ውስጥ ነው ተባለ፤ አዲስ ሊቀመንበርም በሚቀጥለው ይመረጣል፣ እሱም ከፈለገ ይወዳደር ተባለ። ደንቡ "ደንቡ እንደሚለው..." ብሎ ጀመረና ትንፋሽ አጠረው።

እናቴ ፍሬኗን ፈታች። እሱ ከመወጣጫው በታች፣ መንገዷ ላይ ቆሟል።

"ልጄ" አለችው፣ "ትንሽ ፈቀቅ በልልኝ።"

ፈቀቅ አለ።